«ልርዳ» ብሎ መሮጥ ብቻ ይበቃል ወይ?

በዚህ እትም የምናወጋችሁ ስለ ድንገተኛ አደጋና ስለ በጎ ፈቃደኞች ነው። «ደግሞ ይሄ ከኤች አይ ቪ ጋር ምን አገናኘው?» የምትሉ ትኖሩ ይሆናል። ትንሽ ታገሡን፣ እየቆያችሁ ታዩታላችሁ።

ጥር 11 ቀን 2012 ዓ.ም. ጎንደር ላይ የሆነውን ታስታውሱ ይሆን? ያኔ ልጆች ነበራችሁ፤ ያላያችሁትም ከቤተሰብ ሰምታችኋል። ዩኔስኮ የጥምቀትን በዓል በማይዳሰስ ቅርስነት ከመዘገበው ገና አንድ ወር ቢሆነው ነው። በአፄ ፋሲል ጥምቀተ ባሕር ዙሪያ ለተመልካች ተብሎ የተሠራው የእንጨት መቀመጫ ሕዝብ እንደሞላበት ተደረመሰ። ቢያንስ 10 ሰዎች ሞቱ፤ ከ100 በላይ ቆሰሉ።

ለመሆኑ እንዲህ ባለ ሰዓት መጀመሪያ የሚደርሰው ማነው? አምቡላንስ እንዳትሉኝ። በዚያ ሁሉ ሕዝብ መሀል አምቡላንስ መንገድ እስኪያገኝ ድረስ ያለችው ደቂቃ የአጠገብ ሰው ናት። ከቁስቋም፣ ከቀሃ ወይም ከአዘዞ መጥቶ ሲዘምር፣ ምንጣፍ ሲያነጥፍ፣ ሕዝብ ሲያስተናብር የዋለው ወጣት ነው መጀመሪያ እጁን የሚዘረጋው። ታዲያ ያ እጅ ምን ያውቃል? አደጋ በደረሰበት ቦታ ሁሉ የሚታየውን ታውቁታላችሁ። አንዱ እግሩ የተሰበረውን በብብቱ ይዞ ይጎትታል፤ ሌላው «አትንኩት!» ይላል፤ ሦስተኛው ራሱን ለሳተ ሰው ውሃ ያጠጣል፤ አራተኛው ቪዲዮ ለመቅረጽ ሞባይሉን ያወጣል። ሁሉም በቅንነት ነው፤ ከአራተኛው በስተቀር።

ቅንነት ብቻውን የት ድረስ እንደሚያደርስ ደግሞ አንድ ከባድ ታሪክ እናንሣ።

ጎፋ ላይ የሆነው

ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል፣ ጎፋ ዞን፣ ገዜ ጎፋ ወረዳ፣ ዝናብ ያራሰው ተራራ ተንዶ ቤቶችን ከነሰዎቻቸው ቀበረ። ጎረቤት ጩኸት ሰምቶ ወጣ። ዶማና አካፋ ያገኘ በዶማና በአካፋ፣ ያላገኘ በእጁ መቆፈር ጀመረ። በዚህ መሀል ሁለተኛው ናዳ መጣና ሊያድኑ የመጡትን ቀበራቸው። የሟቾቹ ቁጥር ከ200 በላይ ሲሆን ብዙዎቹ ለእርዳታ የወጡ ሰዎች ነበሩ።

ይህን የምጽፈው የሞቱትን ለመውቀስ አይደለም። እዚያ ብንኖር እኛም የምናደርገው ያንኑ ነበር። ነገር ግን ናዳ የራሱ ጠባይ አለው። መጀመሪያ የተናደው አፈር ከላይ ያለውን አፈር ደግፎ የያዘ ነበር፤ እሱ ሲሄድ ከላይ ያለው ያለ ድጋፍ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ዝናቡ ካላቆመ ወይም ውሃው በአፈሩ ውስጥ ከተጠራቀመ ሁለተኛው መምጣቱ የተለመደ ነው። ምልክቶችም አሉት፦ ከተናደው ቦታ በላይ አዲስ ስንጥቅ ይታያል፣ ዛፎች ይዘማሉ፣ ጥርት ያለው ምንጭ ይደፈርሳል፣ ጠጠር እየተንከባለለ ይወርዳል። ስለዚህ በሥልጠና መጀመሪያ የሚነገረው ነገር «ቆፍር» የሚል አይደለም። አንድ ሰው ከፊት ለፊት አስተማማኝ ቦታ ላይ ቆሞ ዓይኑን ከተራራው ላይ እንዳይነቅል፣ ፊሽካ እንዲይዝ፣ ቆፋሪዎቹ ጥቂት ሆነው በተራ እንዲገቡ፣ ሲሸሹም ቁልቁል ሳይሆን ወደ ጎን እንዲሮጡ ነው።

አሁን ልብ በሉ። ፊሽካ የያዘው ሰው ይህን ሁሉ ተምሯል እንበል። ተራራው ሲሰነጠቅ አየ፤ ሦስት ጊዜ ነፋ። ቆፋሪዎቹ ግን የፊሽካውን ትርጉም አያውቁም። «አይዟችሁ፣ በርቱ» ያላቸው መስሏቸው ሊቆፍሩ ይችላሉ እኮ! የአንድ ሰው ዕውቀት የሌሎቹን ነፍስ የሚያተርፈው ሌሎቹም አብረውት የተማሩት ከሆነ ነው። የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ይኸው ነው።

ተራራ ደግሞ የጎፋ ብቻ አይደለም። በዚያው ክረምት፣ በነሐሴ 2016 ዓ.ም. በሰሜን ጎንደር ዞን በጠለምት ወረዳ የደረሰው የመሬት መንሸራተት የሰው ሕይወት አጥፍቷል፤ ብዙ ቤተሰብም ከቀዬው አፈናቅሏል።

«እኛ እኮ ሠልጥነናል!»

«ሥልጠና» ሲባል ብዙዎቻችን ትዝ የሚለን አዳራሽ፣ ፍሊፕ ቻርት፣ ሻይ ቡናና በመጨረሻ የሚታደል የምስክር ወረቀት ነው። በማኅበራዊ ሥራ ሙያ ስንዘዋወር የምናየው ነገር አለ። በአንድ ቀበሌ ውስጥ የቀይ መስቀል ክበብ ለብቻው የመጀመሪያ እርዳታ ይሠለጥናል። ፀረ ኤድስ ክበቡ ለብቻው ስለ ኤች አይ ቪ ይሠለጥናል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ለብቻቸው፣ የሰንበት ትምህርት ቤት አስተናባሪዎች ለብቻቸው፣ የሠፈር ፖሊሶች ለብቻቸው። እድሩ ደግሞ ማንም ሳያሠለጥነው ድንኳኑን፣ ወንበሩንና ጡሩንባውን ይዞ ተቀምጧል። ሁሉም «ሠልጥነናል» ይላሉ፤ እውነታቸውን ነው። አደጋው ሲመጣ ግን ሁሉንም በአንድ ጊዜ ነው የሚጠራው።

አንድ ቀላል ነገር እንውሰድ፤ ቃሬዛ። በኛ ደጋ አገር መኪና በማይገባበት ቦታ በሽተኛን በቃሬዛ ተሸክሞ፣ ተራ እየተቀያየሩ ዳገት ቁልቁለት መውረድ የአባቶቻችን ሙያ ነው። አብረው የኖሩ የአንድ መንደር ሰዎች ሲይዙት ቃሬዛው አይናወጥም። አሁን ደግሞ ተዋውቀው የማያውቁ አራት ጎረምሶች ያንሡት። አንዱ «ሦስት ስንል» ይላል፤ ሌላው በሁለት ያነሣል፤ ቁስለኛው ወደ አንድ ጎን ይጋደላል። አከርካሪው የተጎዳ ሰው ከሆነ ያቺ አንድ መጋደል ዕድሜ ልክ ሽባ ልታደርገው ትችላለች። በመጀመሪያ እርዳታ ትምህርት የሚያዝዘው በራስጌ ያለው ሰው ነው። እሱ ሲናገር ሌላው ዝም ይላል። ይህን ደንብ ማወቅ አንድ ደቂቃ ይፈጃል፤ አራቱም እኩል እስኪያነሡ መለማመድ ግን አንድ ከሰዓት በኋላ ሊፈጅ ይችላል።

የቀለሞቹም ነገር እንዲሁ ነው። ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ ሲጎዳ ባለሙያዎች ቁስለኛውን በአራት ቀለም ይለዩታል። ቀይ አሁኑኑ ካልታከመ የሚሞት፣ ቢጫ ትንሽ መቆየት የሚችል፣ አረንጓዴ በእግሩ የሚሄድ፣ ጥቁር ደግሞ ሕይወቱ ያለፈ ወይም ሊድን የማይችል ነው። እዚህ ላይ አንድ የሚገርም ነገር አለ፤ አብዝቶ የሚጮኸው ሰው ብዙ ጊዜ ቀይ አይደለም። ለመጮህ ትንፋሽ ያስፈልጋላ! ዝም ብሎ ጥግ ላይ የተኛው ነው የሚያሠጋው። አንድ የሠለጠነ ልጅ ለዝምተኛው ቀይ ጨርቅ አስሮ ቢሄድ፣ ቃሬዛ የያዙት ልጆች የጨርቁን ትርጉም ካላወቁ ጩኸቱን ተከትለው ይሄዳሉ።

ጎንደር ይህን ቀድማ አውቃለች

አብሮ መሠልጠን ከውጭ የመጣ አዲስ ፋሽን እንዳይመስላችሁ። በ1946 ዓ.ም. ገደማ በደንቢያ ሜዳ የወባ ወረርሽኝ ገብቶ 7 ሺህ ያህል ሰው እንደፈጀ በሕክምና ታሪክ ተጽፏል። ያኔ በአካባቢው የነበሩት ሐኪሞች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። በዓመቱ፣ በ1947 ዓ.ም.፣ የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል ተከፈተ፤ የዛሬው ጎንደር ዩኒቨርሲቲ መነሻ ማለት ነው። ኮሌጁ የጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያዎችን (ያኔ ሳኒታሪያን ይባሉ ነበር) በአንድ ግቢ አስተማረ። ትልቁ ቁም ነገር ግን ወደ ገጠር ጤና ጣቢያዎች አብረው ወጥተው በቡድን መሥራትን መማራቸው ነው። መኮንኑ በሽተኛውን ሲያክም ነርሷ እናቶችንና ሕፃናትን ትከታተላለች፤ ሳኒታሪያኑ ምንጩንና መጸዳጃውን ያያል። አንዱ የሌላውን ሥራ ስለሚያውቅ «ይሄ የኔ አይደለም» ተብሎ የሚቀር ነገር ያንሳል።

ይህ ልማድ አልጠፋም። የዩኒቨርሲቲው የጤና ተማሪዎች «ቲቲፒ» የሚሉትን ስም ሰምታችሁ ይሆናል፤ የቡድን ሥልጠና ፕሮግራም ነው። የተለያየ ሙያ የሚማሩ ተመራቂ ተማሪዎች በአንድ ቡድን ሆነው እንደ ቆላ ድባና ዳባት ወዳሉ ቦታዎች ይወጡና አብረው እየኖሩ ይሠራሉ። በየሠፈሩ ነጭ ጋዋን ለብሰው ሲዞሩ ያያችኋቸው እነሱ ናቸው።

ወሬ ካነሣን አይቀር የቁስቋምንም እንጨምር። በ1762 ዓ.ም. (በፈረንጆች 1770) ፈንጣጣ ወደ እቴጌ ምንትዋብ ግቢ ገብቶ ነበር። በዚያ ወቅት ጎንደር የደረሰው ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጀምስ ብሩስ እንደጻፈው፣ የግቢውን አገልጋዮች በሙሉ ሥራ አስይዞ በርና መስኮቱን አስከፈተ፣ ክፍሎቹን በዕጣንና በከርቤ አሳጠነ፣ በሙቅ ውሃና በኮምጣጤ አሳጠበ። ይህን ደንብ ያገኘው ገና ወደዚህ ሳይመጣ በፊት፣ በሶርያዋ አሌፖ ከተማ ከነበረ ራስል ከሚባል ሐኪም ወዳጁ ነበር። ከርቤው ፈንጣጣን እንደማይገድል ዛሬ እናውቃለን፤ ክፍሉ አየር እንዲያገኝ ማድረጉ ግን ጥሩ ነበር። እኔን የሳበኝ ሌላ ነገር ነው። ሰውየው የተማረው በሽታው ሳይመጣ በፊት ነው፤ ያ ሁሉ አገልጋይ ደግሞ የሠራው በአንድ ትእዛዝ ነው።

ከዚያ ወዲህ ባለው ዘመን የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እሳት ትልቅ ምሳሌ ነው። በመጋቢትና በሚያዝያ 2011 ዓ.ም. እሳቱ ጓሳውንና አስታውን ሲበላ፣ የአካባቢው ገበሬና ወጣት ከፓርኩ ጥበቃዎች ጋር ቅጠል ይዞ እየመታ፣ አፈር እየበተነ ቀናት ታግሏል። ኋላ ከኬንያ ሄሊኮፕተር፣ ከእስራኤልም የእሳት አደጋ ባለሙያዎች መጡ። ሄሊኮፕተር ከላይ ውሃ ሲደፋ ከታች ያለው ሰው የት መቆም እንዳለበት ማወቅ አለበት። ከሦስት ሺህ ሜትር በላይ በሆነ ገደላማ ቦታ ነፋሱ በድንገት ስለሚዞር፣ ማምለጫውን ሳይለይ ወደ እሳት የሚጠጋ ወጣት ራሱ የሚፈለግ ተጎጂ ይሆናል። የገበሬው ዕውቀት (ነፋሱ በስንት ሰዓት እንደሚዞር፣ የትኛው መንገድ በገደል እንደሚያልቅ) ለውጭው ባለሙያ ያስፈልገዋል፤ የባለሙያው ደግሞ ለገበሬው። ሁለቱ መጀመሪያ የሚገናኙት ጭስ ውስጥ ከሆነ ግን መማማሪያ ጊዜ የለም።

ደም፣ ጓንትና ምሥጢር

አሁን ወደ ራሳችን ጉዳይ እንምጣ።

አደጋ ባለበት ደም አለ። ደም ሲታይ ወጣቱ ሁለት ዓይነት ነገር ያደርጋል። አንዱ ምንም ሳያስብ በባዶ እጁ ይገባበታል። ሌላው «ቫይረሱ ቢኖርበትስ?» ብሎ ቆሞ ያያል። ሁለቱም ካለማወቅ ነው። የኤች አይ ቪ ቫይረስ በላብ፣ በእንባ፣ በምራቅ፣ ሰውን በማቀፍም ሆነ በመሸከም አይተላለፍም። ደም እንኳን ቢሆን ቁስል የሌለበት ደኅና ቆዳ ላይ ቢፈስ አያስተላልፍም። አደጋው ያለው ደሙ በተቆረጠ ቆዳ፣ በዓይን ወይም በአፍ ሲገባ፣ ወይም ደም የነካው መርፌና ስለት ሲወጋን ነው። የቫይረሱ ደም ባለበት መርፌ ከተወጉ 1 ሺህ ሰዎች መካከል ሕክምና ሳያገኙ ቢቀሩ ቫይረሱ የሚይዛቸው 3 ያህሉ ናቸው። ቁጥሩ ትንሽ ነው፤ ዜሮ ግን አይደለም። በዚያ ላይ የጉበት በሽታ የሚያመጡ ሄፓታይተስ ቢ እና ሲ የሚባሉ ቫይረሶች አሉ።

ስለዚህ ደንቡ ለሁሉም ሰው አንድ ነው፤ የማንኛውንም ሰው ደም ቫይረስ እንዳለበት አድርጎ መያዝ። ይህ ማለት ሰውን መጠርጠር አይደለም፤ እንዲያውም ተቃራኒው ነው። ለሁሉም ጓንት የምታደርጉ ከሆነ «ይሄ ሰው ይኑርበት አይኑርበት» ብላችሁ የሰውን ፊት የምታዩበት ምክንያት አይኖርም። ጓንት ከሌለ ቀዳዳ የሌለው ንጹሕ ፌስታል እጃችሁ ላይ አድርጋችሁ፣ በወፍራም ጨርቅ የሚደማውን ቦታ አጥብቃችሁ ተጫኑ። ቁስለኛው ራሱን ካወቀ ራሱ በእጁ እንዲጫነው አድርጉ። መሬት ላይ የፈሰሰውን ደም 1 እጅ በረኪና ከ9 እጅ ውሃ ጋር በጥብጣችሁ አፍስሱበት፣ 10 ደቂቃ ያህል ቆይቶ ይጠረግ። ይህ ለመሬት እንጂ ለቆዳ አይደለም! ደም ቁስላችሁ ላይ ከነካ በውሃና በሳሙና ታጠቡ፤ ዓይን ከሆነ በብዙ ንጹሕ ውሃ ብቻ። ቁስሉን መጭመቅ፣ መፈተግ፣ በረኪና ማፍሰስ የለም።

ከዚያስ? ዝም ብሎ ቤት መግባት? አይደለም። ቫይረሱ እንዳይዝ የሚከላከል መድኃኒት አለ፤ በ72 ሰዓት ውስጥ፣ ባይሆን ይሻላል ከማለት ይልቅ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ተጀምሮ ለ28 ቀናት ይወሰዳል። በጤና ተቋም ምክር ተሰጥቶ ነው የሚጀመረው። እዚህ ላይ ነው አብሮ መሠልጠን የሚያስፈልገው። የቀይ መስቀል ክበቡ ልጅ ደም መጫን ያውቃል፣ ስለ 72 ሰዓቱ ግን ሰምቶ ላያውቅ ይችላል። የፀረ ኤድስ ክበቡ ልጅ 72 ሰዓቱን በጥያቄና መልስ ውድድር ላይ ይመልሳታል፣ ጓንት አወላለቅ ግን ተለማምዶ አያውቅም። ሁለቱ በአንድ ክፍል ይማራሉ፤ ምናልባትም በአንድ ዴስክ!

ሌላም አለ። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻና በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ምክንያት ደባርቅና ዳባት ብዙ ተፈናቃይ አስተናግደዋል። ከቤቱ በድንገት የወጣ ሰው መታወቂያውን፣ ገንዘቡን፣ መድኃኒቱንም ሊረሳ ይችላል። የኤች አይ ቪ መድኃኒት በየቀኑ የሚወሰድ ነው። በትክክል የሚወስድና በደሙ ያለው ቫይረስ በምርመራ የማይታይ ሰው ጤነኛ ሆኖ ይኖራል፣ በግብረ ሥጋ ግንኙነትም ቫይረሱን አያስተላልፍም። ሲያቋርጥ ግን ቫይረሱ ይመለሳል፤ መድኃኒቱንም ሊለማመድ ይችላል። ታዲያ በመጠለያ ውስጥ ብርድ ልብስ የሚያድል በጎ ፈቃደኛ በመቶ ሰው ፊት «መድኃኒት የምትወስዱ እጃችሁን አውጡ» ቢልስ? ማንም አያወጣም። በአብሮ ሥልጠና የሚለመደው አሠራር ሌላ ነው። ለሁሉም ሰው በአንድ ዓይነት ቃል «በየቀኑ የሚወሰድ ማንኛውም መድኃኒት ያቋረጠ ካለ፣ የስኳርም የደም ግፊትም የሌላም፣ እዚያ ክፍል ያለችውን ነርስ ያነጋግር» ይባላል። ማን ወደ ክፍሉ እንደገባ ደግሞ አይወራም፤ ለጓደኛም፣ ለእናትም ቢሆን።

የመደፈር ጥቃት የደረሰባትም ልጅ እንዲሁ ናት። ያቺው 72 ሰዓት እሷንም ትመለከታለች፤ እርግዝና የሚከላከለውም መድኃኒት ቶሎ ሲወሰድ ነው የሚሠራው። ጥቃቱ ለወንድ ልጅም ሊደርስ ይችላል። የበጎ ፈቃደኛ ድርሻ ታሪኩን ደጋግሞ ማስተረክ አይደለም። አንድ የምታምኑት ሠልጣኝ ፈቃዷን ጠይቆ እስከ ጤና ተቋሙ በር ይሸኛታል። ፖሊሱ፣ የጤና ባለሙያዋና በጎ ፈቃደኛው አስቀድመው አብረው ካልተነጋገሩ ግን ልጅቷ አንዱን ታሪክ በአንድ ቀን ለአምስት ሰው ለመንገር ትገደዳለች። አንዳንዷ ሁለተኛው ጋ ስትደርስ ትታ ትመለሳለች።

ከኅዳር 6 በፊት

ይህን ሁሉ ለመጀመር ትልቅ በጀት መጠበቅ አያስፈልግም። ለምሳሌ ደብረ ፀሐይ ቁስቋም በየዓመቱ ኅዳር 6 ቀን ሕዝብ ይሞላል፤ ለዚያ ጥቅምት ላይ አንድ ቅዳሜ ይበቃል። የትምህርት ቤቱ ቀይ መስቀልና ፀረ ኤድስ ክበቦች፣ የአካባቢው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ፣ የደብሩ አስተናባሪ ወጣቶች፣ አንድ የፖሊስ አባልና ከእድሩ ሁለት አባቶች ይጠሩ። እድርተኞቹን አትርሱ፤ ማን የት እንደሚኖር፣ የትኛው ቤት አልጋ ላይ የዋለ ሽማግሌ እንዳለ ከእነሱ በላይ የሚያውቅ የለም። ትእዛዝ የሚሰጠው ማን እንደሆነ፣ ፊሽካ ስንት ጊዜ ሲነፋ ምን ማለት እንደሆነ፣ አምቡላንስ በየት በኩል እንደሚገባ፣ የጠፉ ልጆች የት እንደሚሰበሰቡ ተነጋገሩ።

ከዚያ ተለማመዱ። አሥር ተማሪዎች «ቁስለኛ» ይሁኑ። ቀይ ሥር ቀቅላችሁ ውሃውን በጨርቅ ላይ አፍስሱና እንደ ደም ተጠቀሙበት። ሁለቱ ዝም ብለው ይተኙ፣ አንዱ አብዝቶ ይጩህ፤ ረዳቶቹ ወደ ማን እንደሚሮጡ ታያላችሁ። ልምምዱ ሲያልቅ ጓንታችሁን አውልቁና እጃችሁን እዩት። አወላለቁ የአንዱን ጓንት ውጪ በሌላው ይዞ ወደ ውስጥ እየገለበጡ፣ ሁለተኛውን ደግሞ ባዶውን ጣት ከውስጥ በኩል አስገብቶ መገልበጥ ነው። በመጀመሪያው ቀን የብዙዎቻችሁ አንጓ ላይ ቀይ ሥር ይገኛል። ጓንት ያላደረገ ደግሞ ፊቱ ላይ፣ ሞባይሉ ላይ፣ የጓደኛው ሸሚዝ ላይም ይገኝበታል። ታጠቡና እንደገና ጀምሩ።